በረዶ ውስጥ የተቀመጠው ሲሪንጅ

ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ጠዋት ዓይን ሲገለጥ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ አንድ ቀን ብርሃን መረበሽ ይጀምራል። ዓይን ቀላ ይላል። እይታ እንፋሎት እንደነካው መስታወት ደብዘዝ ይላል። ሕመሙ ግን እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ደክሞኝ ነው፣ ስልክ ላይ አፍጥጬ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እይታን በሌዘር ካስተካከሉ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የምመለስበት አንድ ጉዳይ አለ። የሆነው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። የመረመሩት ሐኪሞች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2002 በሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመውታል። አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ላሲክ የሚባለውን ይህን የሌዘር ቀዶ ሕክምና የተሠሩ ሰዎች ዓይናቸው ተቆጥቶ ተመልሰው መጡ። አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ የግል ዕድል ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ግን አንድ ሰው አልነበረም። ከታካሚዎቹ ዓይን በተወሰደው ናሙና ውስጥ ደግሞ በዚህ ቦታ ማንም የማይጠብቀው ባክቴሪያ ተገኘ።

ታሪኩን በትክክል ለመረዳት መጀመሪያ ላሲክ ዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ክዳኑና ከሥሩ ያለው ኪስ

ኮርኒያ የዓይን ፊት ላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው ይኸው ነው። ስሙ ትንሽ ያምታታል፤ ብሌን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መሃል ላይ ያለውን ጥቁሩን ክብ ነውና። ስለዚህ እኔ እዚህ ኮርኒያ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የኮርኒያ ውፍረት መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ላሲክ ሲሠራ ሐኪሙ ከላዩ ላይ አንድ ስስ ክዳን ይቆርጣል። መቁረጫው ልዩ ምላጭ ወይም ፌምቶሰከንድ የሚባለው ሌዘር ነው። የክዳኑ ውፍረት ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አይወጣም፤ በአንድ በኩል እንደ መጽሐፍ ገጽ ተያይዞ ይቀራል። ከዚያ ይገለጣል። ከሥሩ ያለው የኮርኒያ አካል በኤክሳይመር ሌዘር ይቀረጻል። ይህ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ጨረር ነው። ሥራው ሲያልቅ ቦታው በጨው ውሃ፣ ማለትም በሳላይን ይታጠባል። ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስፌት የለም።

ላሲክን ተወዳጅ ያደረገው ይህ ክዳን ነው። የኮርኒያው የላይኛው ቆዳ ስለማይፋቅ ሕመሙ ትንሽ ነው። እይታም ቶሎ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው በማግሥቱ ያያል።

ግን ክዳኑ ሲመለስ ከሥሩ ኪስ ይቀራል። ዳር ዳሩ ይጠግጋል እንጂ መሃሉ እንደ ቀድሞው አንድ አካል ሆኖ አይዋሃድም። ሐኪሞች ከዓመታት በኋላ እንኳ ያንኑ ክዳን መልሰው ማንሳት የሚችሉት ለዚህ ነው። ወደዚያ ኪስ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የገባ ነገር ክዳኑ ሲዘጋ እዚያው ተዘግቶበት ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ብርሃን የሚያሳልፈው፣ እኛም የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። የደም ሥር በሌለበት ግን የሰውነት ወታደሮች ቶሎ አይደርሱም። ከዳር ተነስተው ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት። የዓይን ጠብታም ቢሆን ከላይ ተንጠባጥቦ እስከ ኪሱ ድረስ በበቂ መጠን መግባት ይቸገራል። አንድ ጀርም መደበቂያ ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እንዲህም ሆኖ ኢንፌክሽኑ ብርቅ ነው። ይህን መናገር አለብኝ፤ ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከስፔን የታተመ ትልቅ ጥናት 204,586 የላሲክ ቀዶ ሕክምናዎችን ተመልክቶ ያገኘው 72 የተበከሉ ዓይኖችን ነው። ከ10,000 ዓይን ሦስት ወይም አራት ማለት ነው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሆኑት የታወቁት በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

ብርቅ መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ብርቅ ነገር አይጠረጠርም። ቴክሳስ ላይ የሆነው ደግሞ የብርቅም ብርቅ ነበር።

ጀርሙ

ከላሲክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ በስታፊሎኮከስ ወይም በስትሬፕቶኮከስ የሚከሰት ነው። እነዚህ ቆዳችንና የዓይን ቆብ ዳር ላይ አብረውን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሲመጡ በጩኸት ነው፤ ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ መግል ያወጣል። ታካሚውም ሮጦ ሐኪም ጋ ይሄዳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ሌላ ነው። ያኔ የሚጠረጠሩት ፈንገስና ማይኮባክቴሪያ ናቸው።

የቴክሳስ ታካሚዎች ዓይን ውስጥ የተገኘው ማይኮባክቴሪየም ሹልጋይ ይባላል። የቲቢና የሥጋ ደዌ ዘመድ ነው። እንደ ቲቢ በሳል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ አባላት ኑሯቸው ውሃና አፈር ነው። አካላቸው በሰም በሚመስል ቅባት የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ክሎሪን ቶሎ አይገድላቸውም። ቱቦ ውስጥ ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው፣ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር ተጣብቀው ዓመታት ይኖራሉ። ቅዝቃዜም አያጠፋቸውም።

ሁለተኛው ባሕርያቸው ዝግታ ነው። ተራ ባክቴሪያ በላብራቶሪ ሳህን ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን አድጎ ይታያል። ሹልጋይ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ዓይን ውስጥም እንደዚሁ ነው። በዝግታ ስለሚራባ ምልክቱ የሚመጣው ታካሚው ቀዶ ሕክምናውን ረስቶ ኑሮውን ከቀጠለ በኋላ ነው። ታካሚው ቀኑን ከቀዶ ሕክምናው ጋር አያገናኘውም። አንዳንዴ ሐኪሙም አያገናኘውም።

ስቴሮይድ ያረጋጋው ዓይን

ከዚህ በታች ያለው ክፍል ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

ከላሲክ በኋላ ክዳኑ ሥር ጀርም የሌለበት ቁጣም ይመጣል። ሐኪሞች በሙሉ ስሙ ዲፊዩዝ ላሜላር ኬራታይቲስ ይሉታል። በማጉያ ሲታይ ክዳኑ ሥር ነፋስ የበተነው አሸዋ ስለሚመስል «የሰሐራ አሸዋ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ጠብታ ነው፤ በብዛትና ቶሎ ቶሎ።

እንግዲህ ታካሚው ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ሐኪሙ በማጉያው ያያል። ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ ነገር አለ። «ቁጣ ነው» ብሎ ያስባል፤ ያየው ብዙው ነገር ቁጣ ስለሆነ ነው። ስቴሮይድ ይጨምራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ይነጣል። ታካሚው ይደሰታል። ሐኪሙም እፎይ ይላል።

ጀርሙ ግን አልሞተም። ስቴሮይድ የሚያደርገው የሰውነትን ቁጣ ማብረድ ነው። መቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ሕመሙ ሁሉ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የሚታዩ ናቸው። ውጊያው ሲቆም ምልክቱም ይቆማል፤ ጀርሙ ግን ሜዳውን ለብቻው አግኝቶ ይራባል። ጠብታው ሲቀነስ ዓይን እንደገና ይቀላል። ስቴሮይድ እንደገና ይጨመራል። እንዲህ ወዲያ ወዲህ ሲባል ኮርኒያው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ይሰፋል።

ሐኪሞቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ሁለቱ ችግሮች መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ጊዜውና መልኩ ነው። የአሸዋው ቁጣ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ክዳኑ ሥር በሰፊው ይበተናል። ኢንፌክሽን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ድንበሩ የሚለይ ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከክዳኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዘልቆ ይገባል። ከሳምንት በኋላ ያለ ግልጽ ምክንያት የመጣ «አሸዋ» መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው በኢንፌክሽን ነው።

በሁለት ሐኪሞች መካከል ያለው ልዩነት

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ታካሚዎቹ ተቆጠሩ። ናሙናቸው አደገ። ያው አንድ ዓይነት ጀርም ነው። አሁን ጥያቄው ከየት መጣ የሚለው ነበር።

የማንም ሰው ጥርጣሬ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ምላጩ ነው። ከዚያ ወደ ማምከኛው ማሽን፣ ከዚያ ወደ ጠብታው። መርማሪዎቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። በበሽታው የተያዙት የአንድ ሐኪም ታካሚዎች ነበሩ። የሌላው ሐኪም ታካሚዎች በዚህ ጀርም አልተያዙም። ስለዚህ የሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ልዩነት የተባለ ልዩነት ተፈለገ።

አንድ ብቻ ተገኘ። የመጀመሪያው ሐኪም ዓይኑን የሚያጥብበትን ሳላይን የያዘውን ሲሪንጅ በረዶ ውስጥ አስቀምጦ ያቀዘቅዘው ነበር።

ይህን ያነበብኩ ቀን ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ለተቆጣ ዓይን ዕረፍት ነው፤ ሕመምና እብጠት ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚደረገው። ሐኪሙ ከሌላው ያነሰ ጥንቃቄ አላደረገም። ይልቁንም ለታካሚው ምቾት አንድ እርምጃ ጨመረ። ችግሩ የገባው በዚያች በተጨመረችው እርምጃ ነው።

በረዶው የመጣው ከበረዶ ማሽን ነው። መርማሪዎቹ ወደ ማሽኑ ሄዱ። ከፍሳሽ ማስወገጃው ናሙና ወሰዱ። ሹልጋይ እዚያ ነበር። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ስሙ አንድ መሆኑ ብቻ በቂ ማስረጃ አይደለም። የጀርሙን ዲኤንኤ ቆራርጦ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ በመለየት የሚሠራ፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ምርመራ አለ። ከማሽኑ የተገኘው አሻራና ከታካሚዎቹ ኮርኒያ የተገኘው አሻራ አንድ ሆኖ ተገኘ።

በሲሪንጁ ውስጥ ያለው ሳላይን ከጀርም የጸዳ ነው። በረዶው ግን አይደለም። በረዶ ሲቀልጥ የሲሪንጁን ገላ ያረጥባል። ጫፉንም ያረጥባል። የሐኪሙን ጓንት ያረጥባል። ክዳኑ ተገልጦ፣ ኪሱ ተከፍቶ ሳለ አንዲት ጠብታ ወደዚያ ከገባች ይበቃል። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል።

እዚህ ላይ የቃል ነገር ልጨምር። እኛ «ንጹሕ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ለዓይን ጥርት ያለና ቆሻሻ የሌለበት ነገር ንጹሕ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን የሚፈለገው ሌላ ነው፤ አንድም ሕይወት ያለው ጀርም የሌለበት፣ የመከነ። በረዶ በመጀመሪያው ትርጉም ንጹሕ ነው። ይጠጣል፣ ምንም አያደርግም። በሁለተኛው ትርጉም ግን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ሆድ የሚችለውን ጀርም የተከፈተ ኮርኒያ አይችለውም።

ውሃ በላሲክ ታሪክ ውስጥ በሌላ በኩልም ጥፋት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ምርመራ በተደጋጋሚ የመጣውን የአሸዋ ቁጣ ከማምከኛ ማሽን የውሃ ማጠራቀሚያ ጋር አገናኝቶታል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ባክቴሪያዎች ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው ነበር። ማሽኑ ጀርሞቹን ይገድላል። ግን ከአካላቸው የሚወጣው መርዝ በእንፋሎቱ ሙቀት አይጠፋም። መሣሪያው ላይ ተለጥፎ ወደ ዓይን ይገባል፤ ጀርም በሌለበት ቁጣ ያስነሳል። የቴክሳሱ ጀርም በሕይወት ነበር፤ እዚህኛው ሞቶም ይጎዳል። በሁለቱም መንገዱ ማንም ልብ ያላለው ውሃ ነው።

ክዳኑን መልሶ መክፈት

ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ለታካሚው ከባድ ይመስላል፤ ክዳኑን እንደገና ማንሳት። ሰው «ዓይኔን እንደገና ልትከፍቱት ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ግን ጀርሙ ያለው ከክዳኑ ሥር ነው። ከላይ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ክዳኑ ሲነሳ ነጩ ነገር ይፋቃል፤ ለምርመራም ይላካል። ኪሱ በአንቲባዮቲክ ይታጠባል። የአሜሪካ የዓይን ሞራና የእይታ ማስተካከያ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ምክር ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ ክዳኑ ተነስቶ ናሙና ይወሰድ ብለዋል። ዘግይቶ ለሚመጣው ዓይነት ደግሞ አሚካሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ጠብታ ከሞክሲፍሎክሳሲን ወይም ከጋቲፍሎክሳሲን ጋር እየተፈራረቀ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጀመር፣ ስቴሮይዱም እንዲቆም መክረዋል።

በየግማሽ ሰዓቱ። አንድ ቀን እንዲህ እየተደረገ ሲውል አስቡት። አሚካሲን ዓይን ያቃጥላል። ክላሪትሮማይሲንም በጠብታ ወይም በሚዋጥ መልክ ሊጨመር ይችላል። አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ጀርሙ ይላመደዋልና። ሕክምናው ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይፈጃል። መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ አልደርስ ካለ ሐኪሙ ክዳኑን ጨርሶ ቆርጦ ያወጣዋል። ያን ያለሙለትን እይታ የሰጠ ክዳን ማስወገድ ለሁለቱም ወገን ቀላል ውሳኔ አይደለም። ግን ክዳኑ ሲነሳ ኪሱም ይጠፋል፤ መድኃኒቱ በቀጥታ ይደርሳል።

ጀርሙ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ነው። ጠባሳው ዳር ላይ ከሆነ ሰውየው ላያስተውለው ይችላል። መሃል ላይ ከሆነ ብርሃን ይበታተናል፤ የኮርኒያው ገጽም ወጣ ገባ ይሆናል። ያኔ ተራ መነጽር አያግዝም። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ያንን ወጣ ገባ ይሸፍናል። ያም ካልረዳ የቀረው ኮርኒያ መተካት ነው። መነጽር ለመጣል የሄደ ሰው የሌላ ሰው ኮርኒያ ወረፋ ሲጠብቅ ማሰብ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ላሲክ ለሠራ ወይም ሊሠራ ለተዘጋጀ ሰው የምለው ይህ ነው። ከሳምንታት በኋላ ዓይን ቀላ ካለ፣ ብርሃን ከረበሸ ወይም እይታ ከደበዘዘ ሕመሙ ትንሽ ነው ብሎ አይጠብቅ። በዚያው ቀን ይታይ። በቤት የቀረ ስቴሮይድ ጠብታ ካለ ከምርመራው በፊት አይንካው። ሌላ ሐኪም ጋ ከሄደም «ላሲክ ተሠርቻለሁ፣ በዚህ ቀን» ብሎ ቀድሞ ይናገር፤ ክዳኑ እንዳለ ካልተነገረው ሊያልፈው ይችላል። ስቴሮይድ ተጨምሮ ዓይኑ ነጥቶ፣ ሲቀነስ እንደገና ከቀላ ደግሞ ያለ ሐፍረት ይጠይቅ፦ ክዳኑ ተነስቶ ናሙና ተወስዷል ወይ?

ናሙና ተወስዷል ከተባለ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ላብራቶሪው ተራ ባክቴሪያ ብቻ እንዲፈልግ ከተነገረው ከጥቂት ቀናት በኋላ «ምንም አላደገም» ብሎ ሳህኑን ይጥለዋል። ማይኮባክቴሪያ የሚያድግበት ማሳደጊያ ሌላ ነው፤ የሚታይበት የቀለም ምርመራም ሌላ ነው፤ ለቲቢ የሚደረገው ዓይነት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ይህንንም ይጠይቀው፦ ማይኮባክቴሪያ እንዲፈለግ ታዟል ወይ? ሳህኑስ ስንት ሳምንት ነው የሚቆየው?